የሮክ አልበሞችን በደረጃ ዝርዝር ማዳመጥ፦ ከአንደኛው አትጀምሩ

«ታላላቅ የሮክ አልበሞች» የሚል ዝርዝር ይዞ ማዳመጥ ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የምነግረው አንድ ነገር ነው። ከ1 ቁጥር አትጀምሩ። አንደኛ የተባለውን ሰምተው «ይሄ ነው እንዴ?» ብለው የተዉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። አልበሙ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ከእሱ በፊት የመጣውን ስላልሰሙ፣ አልበሙ ለማን መልስ እንደሚሰጥ አልታያቸውም።

እኔ ደለስ ኤርፖርት ታክሲ እነዳለሁ። ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሥራው ከመንዳቱ መጠበቁ ይበዛል። ተራ እስኪደርስ መኪና ውስጥ ቁጭ ነው። አንድ የድሮ ሸክላ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ነው። ወረፋውና ሸክላው ልክ ለልክ ናቸው። አብዛኛውን ያዳመጥኩት እዚያ ሆኜ ነው። እናንተም የራሳችሁን 40 ደቂቃ ፈልጉ። ባቡር ላይ ይሁን፣ ልጆች ከተኙ በኋላ ይሁን፣ ስልክ የማይነካበት ሰዓት ይሁን ብቻ።

የትኛው ዝርዝር? ብዙ አለ። እኔ የያዝኩት የሮሊንግ ስቶን መጽሔትን 500 አልበሞች ነው። በ2003 የወጣ አለ፤ በ2020 እንደ አዲስ ድምፅ ተሰጥቶበት የወጣ አለ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩ። በ2003 አንደኛው የቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐርስ ሎንሊ ኸርትስ ክለብ ባንድ» ነበር። ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ አራቱ የቢትልስ ነበሩ። በ2020 ያው አልበም 24ኛ ሆነ። አንደኛነቱን የማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» ወሰደው። የጆኒ ሚቸል «ብሉ» ከ30ኛ ወደ 3ኛ ወጣ። ሙዚቃው ያው ነው፤ አንድ ኖታ አልተነካም። የተለወጡት መራጮቹ ናቸው። ስለዚህ 24ኛውን ከ23ኛው ያንሳል ብላችሁ አትስሙት። የደረጃው ጥቅም ምን ልስማ የሚለውን ጭንቀት መገላገሉ ነው።

ለቆየው ሮክ የ2003ቱ ይሻላል። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ሮክ ላይ ያተኩራል። የ2020ው ሂፕ ሆፑንም፣ አዲሱን ፖፕም በሰፊው አስገብቷል። እሱንም እወደዋለሁ፤ ግን ሌላ ጉዞ ነው።

500ውን አልጨርስም ብላችሁ አትፍሩ። የመጀመሪያዎቹን 100 ብቻ ያዙ። በሳምንት ሁለት ብትሰሙ አንድ ዓመት ነው። በቀን አንድ እያሉ የሚሮጡ አሉ። እኔ አልመክርም። በቀን አንድ የሚሰማ ሰው አልበሙን ሰማሁ ለማለት እንጂ ለመስማት ጊዜ የለውም። እያንዳንዱን አልበም በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ስሙት። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ፤ ሁለተኛ ግጥሙን እያነበባችሁ። ቦብ ዲላን ላይ ብቻ ቅደም ተከተሉን ገልብጡ። የእሱን ግጥም ሳያነቡ መግባት ከባድ ነው፤ እንግሊዝኛው አፍ መፍቻቸው ለሆነ ሰዎችም ቢሆን።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። ዘፈኖቹን ከተራቸው የሚያወጣው «ሻፍል» ይጥፋ። አንዱን ዘፈን ከሌላው ጋር የሚያደባልቀው «ክሮስፌድ» የሚባለው ይጥፋ። አልበሙ ሲያልቅ በራሱ ሌላ ዘፈን የሚያመጣውም ይጥፋ። በሚቻል ሁሉ ዋይፋይ ባለበት አውርዱት። ድምፁ ብቻ ከሆነ፣ በመካከለኛ ጥራት 40 ደቂቃ ወደ 50 ሜጋባይት ነው። በቪዲዮ ከሆነ ግን ፓኬጅ ይበላል። መሃል ላይ ማስታወቂያ ጣልቃ ከገባም አልበሙ ተበላሸ ማለት ነው። በተለይ የፒንክ ፍሎይድን «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» ከማስታወቂያ ጋር አትስሙት። ዘፈኖቹ አንዱ ከሌላው ጋር ተሳስረው ነው የሚሄዱት።

«ዴሉክስ» ከሚለው ተጠንቀቁ። ኩባንያዎቹ የድሮውን አልበም ሲያድሱ ልምምዱንም፣ የተጣለውንም ቅጂ ከኋላ ይለጥፋሉ። 40 ደቂቃ የነበረው ሁለት ሰዓት ይሆናል። መጀመሪያ የወጣውን የዘፈን ዝርዝር ፈልጉና የመጨረሻው ዘፈን ላይ አቁሙ። የ«ሳርጀንት ፔፐርስ» የመጨረሻ ዘፈን በበርካታ ፒያኖዎች አንድ ላይ በተመታ ድምፅ ነው የሚያበቃው። ድምፁ ቀስ እያለ እስኪጠፋ ከ40 ሰከንድ በላይ ይወስዳል። ጸጥ ያለ ቦታ ከሆናችሁ ወደ መጨረሻው ስቱዲዮ ውስጥ ወንበር ሲንቋቋ ትሰማላችሁ። ያንን ሰምቶ ወዲያው ልምምድ ውስጥ መግባት ያሳዝናል።

ሥራ ላይ ሆናችሁ በአንድ ጆሮ ብቻ የምትሰሙም አላችሁ። የ60ዎቹ ስቴሪዮ እንደ ዛሬው አይደለም። በቢትልስ «ራበር ሶል» ስቴሪዮ ቅጂ ድምፃቸው በአብዛኛው በቀኝ፣ መሣሪያው በግራ ነው። በአንድ ጆሮ ከሰማችሁ ወይ ዘፋኙ የለም ወይ ባንዱ የለም። ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ «ሞኖ ኦዲዮ» የሚል አለ። እሱን ክፈቱት፤ ሁለቱ ይቀላቀላሉ።

ቀጥሎ የማልደራደርበት ነገር። የድሮ አልበም ሁለት ገጽ አለው። በካሴት ያደገ ሰው ሳይድ ኤና ሳይድ ቢ ምን እንደሆነ አይነገረውም። የሸክላ አንድ ገጽ ከ20 ደቂቃ ብዙም አይርቅም። ሠሪዎቹ አንደኛውን ገጽ በምን እንደሚዘጉ፣ ሁለተኛውን በምን እንደሚከፍቱ አስበውበታል። ስልኩ ይህንን አይነግራችሁም። ስለዚህ ገጹ የት እንደሚያልቅ አስቀድማችሁ እዩና እዚያ ላይ ትንሽ አቁሙ። ውሃ ጠጡ። መስኮት ክፈቱ። የሌድ ዜፕሊን አራተኛ አልበም አንደኛ ገጽ በ«ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» ይዘጋል። ከዚያ ዘፈን በኋላ ሳይተነፍሱ ወደሚቀጥለው መግባት ለሁለቱም ዘፈኖች ጥሩ አይደለም።

«ዳርክ ሳይድ» ላይም እንዲሁ። አንደኛው ገጽ የሚዘጋው ክሌር ቶሪ የተባለች ድምፃዊት ያለ አንድ ቃል በምታዜመው «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ» ነው። አንድ ቀን ሥራ ላይ እያለን ጋሼ የምንላቸው አንድ ሹፌር እኔ መኪና ውስጥ ገብተው ተቀምጠው ነበር። ትንሽ ሰሙና፣ «አንተ ልጅ፣ ይህቺማ ሙሾ እያወረደች ነው» አሉኝ። ዘፈኑ ስለ ሞት ነው። ማንም አልነገራቸውም። ለቶሪ ለቀረጻው ቀን 30 ፓውንድ ነበር የተከፈላት። ኋላ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰደችው፤ በ2005 በስምምነት አልቆ የድርሰቱ ተጋሪ ሆና ስሟ ገባ። እንግሊዝኛ ይቸግረኛል የሚል ሰው በዚህ ዘፈን ይጀምር። ሁለተኛው ገጽ ደግሞ በሳንቲም ጩኸት ይከፈታል። «መኒ» ነው። ጣታችሁን እያንኳኳችሁ እስከ ሰባት ቁጠሩ። ምቱ በሰባት ነው የሚሄደው። የጊታሩ ሶሎ (ጊታሩ ዜማውን ብቻውን የሚመራበት ክፍል) ሲገባ ወደ አራት ይቀየራል፤ ሰውነታችሁ ከጭንቅላታችሁ ቀድሞ ያውቀዋል።

ወደ መጀመሪያው ነገሬ ልመለስ። በቁጥር ሳይሆን በሰንሰለት ስሙ። ማን ማንን ሰምቶ ሠራ? ምርጡ ምሳሌ ሦስት አልበሞች ናቸው። በ1965 መጨረሻ ቢትልስ «ራበር ሶል»ን አወጡ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የቢች ቦይስ መሪ ብራያን ዊልሰን ሰማው። ከዳር እስከ ዳር ደካማ ዘፈን የሌለበት አልበም መሥራት እንደሚቻል አየ። ጓደኞቹ ለሥራ ጃፓን ሲሄዱ እሱ ስቱዲዮ ቀርቶ፣ የሎስ አንጀለስን ተቀጣሪ ሙዚቀኞች ሰብስቦ «ፔት ሳውንድስ»ን ቀረጸ። 23 ዓመቱ ነበር። አንድ ጆሮው ብዙም አይሰማም፤ አልበሙም የወጣው በሞኖ ነው። በግንቦት 1966 ገበያ ላይ ዋለ። በተራው የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ ያንን ሰማ። በቀጣዩ ዓመት «ሳርጀንት ፔፐርስ» መጣ።

ሦስቱን በዚህ ቅደም ተከተል፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስሙ። አንዱ ሌላውን ሲጠራ፣ ሌላው ሲመልስ ትሰማላችሁ። «ፔት ሳውንድስ» ላይ ቤዝ ጊታሩን ተከተሉ፤ የዘፈኑን መሠረት ከመምታት አልፎ የራሱን ዜማ ይዞ ይሄዳል። ከዚያ «ሳርጀንት ፔፐርስ» ላይ የማካርትኒን ቤዝ ስሙ። የ2003ቱ ዝርዝር እነዚህን 5ኛ፣ 2ኛ እና 1ኛ ብሎ አስቀምጧቸዋል። ከ1 ወደ ታች የወረደ ሰው ታሪኩን ከመጨረሻው ጀመረ ማለት ነው።

ሁለተኛው ሰንሰለት ወደ ብሉዝ ይወስዳል። የሌድ ዜፕሊን አራተኛ አልበም የሚያበቃው በ«ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» ነው። ዘፈኑ የእነሱ አይደለም። ሜምፊስ ሚኒና ካንሳስ ጆ ማኮይ በ1929 ቀርጸውታል። ጉዳዩ የ1927 የሚሲሲፒ ወንዝ ጎርፍ ነው። መጀመሪያ የ1929ኙን ስሙ፤ ሁለት ጊታርና አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ የ1971ዱን ስሙ። ሄድሊ ግሬንጅ በተባለ የእንግሊዝ የገጠር ቤት ውስጥ የጆን ቦናምን ድራም ከደረጃው ሥር አስቀመጡት። ማይክሮፎኖቹን ከፎቁ ደረጃ ላይ ሰቀሉ። ድራሙ ቤቱን ሁሉ የሚያናውጥ የሚመስለው ለዚህ ነው። መኪና ውስጥ ይህን ዘፈን ከፍ አድርጎ መስማት ደስ ይላል።

እዚህ ላይ የእኛ ጆሮ ጥቅም አለው። የትዝታ ሜጀር አምስቱ ድምፆች የሮክ ጊታሪስቶች ሜጀር ፔንታቶኒክ ከሚሉት ጋር አንድ ናቸው። በትዝታ ያደገ ሰው የብዙ ሶሎዎችን መንገድ ሳይማር ያውቃል። ይህን ለማየት የኦልማን ብራዘርስን «አት ፊልሞር ኢስት» ክፈቱ። በመጋቢት 1971 ኒውዮርክ መድረክ ላይ የተቀዳ ነው። የዱዌን ኦልማን ስላይድ ጊታር (ጣት ላይ ባጠለቁት ቱቦ ክሩን እያንሸራተቱ የሚጫወቱት) እንደ መሲንቆ ይንሸራተታል። አልበሙ ሁለት ሸክላ ነው፤ አራተኛው ገጽ በሙሉ አንድ ዘፈን ነው፤ «ዊፒንግ ፖስት»፣ 23 ደቂቃ ግድም። አብራችሁ አንጎራጉሩ። ሶሎው የት ሊሄድ እንደሆነ አስቀድማችሁ ትገምታላችሁ፤ አንዳንዴም ያታልላችኋል።

አልገባ ያለ አልበምስ? በሁለት ጊዜ ካልያዛችሁ ተዉት፤ ከወራት በኋላ ተመለሱበት። አንድ አልበም ብቻ ነው ከዚህ ሕግ የማወጣው። የሮሊንግ ስቶንስ «ኤግዛይል ኦን ሜይን ስትሪት»፣ 1972። ግብር ሸሽተው ደቡብ ፈረንሳይ ሄደው፣ አብዛኛውን በጊታሪስታቸው በኪዝ ሪቻርድስ ቪላ ምድር ቤት ነው የቀረጹት። ድምፁ ድፍርስ ይመስላል። የዘፋኙ የሚክ ጃገር ድምፅ ከመሣሪያዎቹ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ውስጥ ገብቷል። በአንድ ጊዜ 67 ደቂቃውን ከሰማችሁት ይሰለቻል። ይህም ሁለት ሸክላ፣ አራት ገጽ ስለሆነ በአራት ቀን ክፈሉት። በሁለተኛው ገጽ ጀምሩ፤ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ አኩስቲክ ጊታር አለው። ከዚያ አንደኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። አራተኛው ገጽ ላይ የሮበርት ጆንሰንን ብሉዝ «ስቶፕ ብሬኪንግ ዳውን»ን ታገኛላችሁ፤ እንደገና ወደ ሁለተኛው ሰንሰለት ገባችሁ ማለት ነው።

ማስታወሻ ያዙ፤ ነጥብ ግን አትስጡ። 7 ከ10፣ 8 ከ10 እያሉ መጻፍ ከዓመት በኋላ ምንም አይነግራችሁም። እኔ ሦስት ነገር እጽፋለሁ። የአልበሙ ስም፣ ተመልሼ የምሰማው አንድ ዘፈን፣ እና የሰማሁት አንድ ድምፅ። ለፍሊትውድ ማክ «ሩመርስ» የጻፍኩት፦ «ዘ ቼይን፤ ሁሉም ዝም ሲል ቤዙ ብቻውን ሲገባ»። አልበሙ ሲቀረጽ ባንዱ ውስጥ የነበሩት ሁለት ጥንዶች እየተለያዩ ነበር። ከጥንዶቹ አንዱ ሊንዚ በኪንግሃም ስለ መለያየታቸው በጻፈው ዘፈን ላይ ፍቅረኛው የነበረችው ስቲቪ ኒክስ ራሷ ትቀበለዋለች። ይህን አውቃችሁ «ጎ ዩር ኦን ዌይ»ን ስትሰሙ የድምፆቹን መጋጠም ልብ ትላላችሁ።

የመጀመሪያውን ወር እንዲህ አድርጉት። አንደኛ ሳምንት «ሩመርስ» እና የቢትልስ «አቢ ሮድ»። ሁለቱም በቀላሉ ያስገባሉ። የ«አቢ ሮድ» ሁለተኛ ገጽ ላይ ዘፈኖቹ እየተያያዙ ሲሄዱ መሃል ላይ አታቁሙ። ሁለተኛ ሳምንት የሜምፊስ ሚኒን ዘፈን፣ ከዚያ ሌድ ዜፕሊን፣ ቀጥሎ «ዳርክ ሳይድ»። ሦስተኛው ሳምንት ለ«ራበር ሶል»፣ «ፔት ሳውንድስ» እና «ሳርጀንት ፔፐርስ»። አራተኛው «ፊልሞር ኢስት» እና «ኤግዛይል»፣ ገጽ በገጽ። ከዚያ 100ኛውን ይዛችሁ ወደ ላይ ውጡ። በዚህ ወር የሰማችኋቸው ላይ ስትደርሱ አትዝለሏቸው፤ እንደገና ስሟቸው፤ ማስታወሻውም ላይ አዲስ መስመር ጨምሩ።