ታዋቂ ሰው ለፅዳት ዘመቻ እንዴት ይጠራል (ከጎንደር)

ጥር 12 ሚካኤል ከገባ በኋላ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባህር አካባቢ ሃይላንድ ልትለቅሙ ነው እንበል፣ አንድ ዘፋኝ ቢመጣ ሰው ይከተለናል ብላችኋል። «አካባቢ ጥበቃ» ምናምን ብላችሁ ረጅም ደብዳቤ አትጻፉ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፣ የ30 ሴኮንድ ቪዲዮ በቃ። ለማናጀሩ ህዳር ላይ ላኩለት፣ ጥር ላይማ ስልክም አያነሳ።

ደግሞ ጉዳዩ ላይ የሚቆይ ሰው ፈልጉ፣ ሞዴሏን ሊያ ከበደን እዩ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የእናቶችና ህፃናት ጤና አምባሳደር ስትሆን በዛው ዓመት የራሷን ፋውንዴሽን አቋቋመች። እኛ አንዴ ያመጣነው ልጅ ግን ፎቶ ተነስቶ ሲሄድ የጠጣበትን ሃይላንድ ደረጃው ላይ ትቶት ሄደ፣ እኔው ነኝ ያነሳሁት ሃሃ። ስለዚህ መጀመሪያ ጓንትና ማዳበሪያ አስይዙት፣ ካሜራው ማዳበሪያው ሲሞላ ይወጣል።