ማውንት ቨርነን እንግዳ ስትወስዱ እንዳትሳሳቱ

ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ የምንኖር ሰዎች ዘመድ ከአገር ቤት ሲመጣ ዋይት ሀውስን በአጥር አሳይተን፣ ሊንከን ሐውልት ፊት ፎቶ አንስተን፣ ቀጥሎ ማውንት ቨርነን እንወስዳለን። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የጆርጅ ዋሽንግተን የገጠር ቤት ከአሌክሳንድሪያ በስተደቡብ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ነው። ብዙ እንግዳ ወስጃለሁ። መጀመሪያ ላይ የተሳሳትኩትን ሌላው እንዳይደግመው ልጻፍ።

አንዱ ስህተት ቲኬት እዚያው እቆርጣለሁ ብሎ መሄድ ነው። ግቢውን የሚያስገባው ቲኬት ብቻውን ቤቱ ውስጥ አያስገባም፤ ቤቱ ሰዓት የተቆረጠለት የራሱ ቲኬት አለው። በጸደይ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ሲደረደሩ ሰዓቱ ቶሎ ያልቃልና ከቤት ሳትወጡ በኦንላይን ቁረጡ። የብሔራዊ ፓርክ ካርድም አይሠራም። ቦታው የመንግሥት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1853 አን ፓሜላ ከኒንግሃም ያቋቋመችው የሴቶች ማኅበር በ1858 ከዋሽንግተን ቤተሰብ በ200,000 ዶላር ሊገዛው ተዋውሎ እስከ ዛሬ ያስተዳድረዋል።

ቤቱ ውስጥ ደግሞ መቸኮል አለ። ሰልፉ ስለሚገፋ ሰው ሳሎኑን አልፎ ይሄዳል። ዋናው መተላለፊያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለችውን ቁልፍ ፈልጉ፤ ፈረንሳዊው የጦር መኮንን ላፋዬት በ1790 ለዋሽንግተን የላከለት የፓሪሱ የባስቲል እስር ቤት ቁልፍ ነው። ከመግባታችሁ በፊትም የውጭውን ግድግዳ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንጨት ነው፤ ሳንቃው በድንጋይ ቅርጽ ተቆርጦ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ አሸዋ ተበትኖበት ነው።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ቤቱን ብቻ አይቶ መመለስ ነው። ወደ ወንዙ ቁልቁል ስትወርዱ 16 ጎን ያለው፣ ከሩቅ ክብ የሚመስል የእንጨት ቤት አለ። ዋሽንግተን ትንባሆ ትቶ ስንዴ ገበሬ ከሆነ በኋላ ያሠራው የመውቂያ ቤት ነው፤ አሁን ያለው እንደ ጥንቱ ተደርጎ እንደገና የተሠራ ነው። ፈረሶች ላይኛው ወለል ላይ እየዞሩ ያበራያሉ፤ ፍሬው በሳንቃዎቹ ክፍተት ወደ ታች ይወርዳል፤ ጭዱ እላይኛው ወለል ይቀራል። እህሉ ዝናብ አያገኘው፣ አፈር አይነካው። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ «ይሄማ አውድማ ነው፤ ፎቅ ላይ የወጣ አውድማ!» አለች። ከዚያ አውድማ በእበት እንዴት እንደሚለቀለቅ፣ በሬዎቹ ጤፉን ሲያበራዩ ምን እየተባለ እንደሚዘፈንላቸው ለልጄ ትነግራት ጀመር። እኔ በዓመታት ያላስተማርኳትን ነው። ዳገቱ ለሽማግሌ ይከብዳልና ጊዜ ያዙ፣ ጫማም አስቡበት።

የመጨረሻው ስህተት ለልጆች «ዋሽንግተን ባሪያዎቹን ነጻ አወጣ» ብሎ ማለፍ ነው። በ1799 በሞተበት ዓመት ማውንት ቨርነን ውስጥ በባርነት የነበሩት 317 ሰዎች ናቸው። በኑዛዜው ነጻ ያወጣቸው የራሱ የነበሩትን 123 ብቻ ነው፤ እነሱንም ከአንዱ በቀር ሚስቱ ማርታ ከሞተች በኋላ እንዲሆን ብሎ። እሷ ግን ሳትሞት፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ለቀቀቻቸው። 153ቱ የማርታ የቀድሞ ባል ውርስ ስለነበሩ በባርነት ቀርተው፣ እሷ ስትሞት ለልጅ ልጆቿ ተከፋፈሉ። ሁለቱ ወገኖች ተጋብተው፣ ተዋልደው ነበርና አባት ነጻ ሲወጣ ሚስትና ልጆቹ ሳይወጡ የቀሩበት ቤት ብዙ ነው።

ከዋሽንግተን መቃብር ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ዛፍ ውስጥ በባርነት የኖሩት ሰዎች መቃብር አለ። ብዙ ጎብኚ እብነ በረዱን አይቶ ይመለሳል። እናንተ ቀጥሉ። እዚያ በ1983 የቆመላቸውን መታሰቢያ ንድፍ የሠሩት የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ደረጃዎቹ ላይ እምነት፣ ተስፋ፣ ፍቅር የሚሉ ቃላት ተቀርጸዋል። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ አማተበችና «ስማቸውሳ የታል?» አለችኝ። መቃብሮቹ ላይ የለም። ዋሽንግተን በ1799 በገዛ እጁ የጻፈው ዝርዝር ላይ ግን አለ፤ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ከመሄዳችሁ በፊት ጥቂቱን ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው።