ሊኑክስን በላፕቶፕ ላይ ሲሞክሩ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 አልቀበለውም ያለው ላፕቶፕ ግን ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ከመጣሉ በፊት በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን ነጻ ስርዓተ ክወና ሊኑክስን፣ ከዓይነቶቹም ሊኑክስ ሚንትን ወይም ኡቡንቱን፣ ከፍላሽ አስነሥቶ መሞከር ይገባል፤ ጫን እስካላሉት ድረስ ዲስኩን አይነካም።

ላፕቶፑ ፍላሹን አልፎ ዊንዶውስን ከከፈተ፣ የወረደው የሊኑክስ ፋይል ፍላሹ ላይ እንደ ተራ ሰነድ ተገልብጦ ይሆናል። ማስነሻ ፍላሽ በሚያዘጋጁት በሩፎስ ወይም በባሌና ኤቸር ፕሮግራሞች እንደገና ይጻፉት፤ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ እንደሚጠፋ ግን አይርሱ። ከዚያ ማሽኑ ሲበራ የማስነሻ ምርጫውን ይክፈቱ፤ በዴልና በሌኖቮ ብዙውን ጊዜ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9 ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ጫኚው ዲስኩን ሳያየው ሲቀር ነው። ብዙውን ጊዜ ዲስኩ አልተበላሸም፤ ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ የዲስኩ አሠራር ኢንቴል አርኤስቲ ወይም ሬድ በሚባለው ምርጫ ተቀምጦ ነው። ኤኤችሲአይ ወደሚባለው መደበኛ ምርጫ መቀየር አለበት፤ ነገር ግን በድንገት ከቀየሩት ዊንዶውስ አልነሣም ይላል። ስለዚህ አስቀድመው ዊንዶውስን በሴፍ ሞድ (በመሠረታዊ ድራይቨሮች ብቻ በሚነሣበት አሠራር) እንዲነሣ ያዙት፤ ባዮሱን ይቀይሩ፤ አንዴ በሴፍ ሞድ ከተነሣ በኋላ ወደ መደበኛው ይመልሱት። እባክዎ ከዚህ ሁሉ በፊት ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ምስጠራ ቢትሎከር መብራት አለመብራቱን ይመልከቱ። ከበራ ባዮሱ ሲነካ ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ሊጠይቅዎ ይችላል፤ ቁልፉ ከሌለ የልጆችዎ ፎቶም ሆነ የመመረቂያ ጽሑፍዎ አይመለስም። ቁልፉን ወረቀት ላይ ይጻፉ፣ ሰነዶችዎንም ሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጡ።

የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ባለው ማሽን ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ፣ በመነሻው ዝርዝር ላይ ኡቡንቱ ከሆነ ሴፍ ግራፊክስን፣ ሚንት ከሆነ ኮምፓቲቢሊቲ ሞድን ይምረጡ።

ዋይፋይ ከጠፋ፣ በተለይ የብሮድኮም ካርድ ባላቸው ላይ፣ የጎደለው ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ነው። ስልክዎን በኬብል አገናኝተው ኢንተርኔቱን ያጋሩ፤ የሊኑክሱ የድራይቨር ማስተዳደሪያ ተገቢውን ፈልጎ ያወርዳል።

በዊንዶውስ ክፍል ያሉ ሰነዶች ከሊኑክስ ተከፍተው አርትዖት ከከለከሉ፣ ብዙውን ጊዜ ዊንዶውስ ቶሎ እንዲነሣ በሚያደርገው ፋስት ስታርታፕ ምክንያት ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ፋስት ስታርታፕን ከዊንዶውስ ውስጥ ያጥፉት።

ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ሲመለሱ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ወደኋላ ቢቀር ለአዲስ የማዘርቦርድ ባትሪ ገንዘብ አያውጡ። ሊኑክስ በማዘርቦርዱ ላይ የዓለም አቀፉን ሰዓት ይጽፋል፤ ዊንዶውስ ያንኑ የአገር ሰዓት አድርጎ ያነበዋል፤ ኢትዮጵያ ደግሞ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ሊኑክስ ላይ ታይምዴትሲቲኤል በተባለው ትእዛዝ የማዘርቦርዱ ሰዓት በአገር ሰዓት እንዲያዝ ያድርጉ።