ሙዚየም ጥናት ስትማሩ አንድ ዕቃ ይኑራችሁ

የሙዚየም ጥናት ተማሪ ሳገኝ ሁሌ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። «የትኛውን ዕቃ በደንብ ታውቃለህ?» አብዛኛው የሚመልስልኝ የሙዚየም ስም ነው። ወይም ስለ አንድ ዘመን ሊያብራራልኝ ይጀምራል። እኔ ግን የምለው ዕቃ ነው። አንድ ማሰሮ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ጫማ። የቱ ጋ እንደተሰነጠቀ፣ በማን እጅ እንዳለፈ፣ ምን እንደሚያበላሸው ለይታችሁ የምታውቁት ዕቃ።

የምሠራው በሙዚየም የምዝገባ ክፍል ነው። ዕቃ ሲመጣ እረከባለሁ፤ ቁጥር እሰጣለሁ፤ በውሰት ሲወጣና ሲመለስ ያለበትን ሁኔታ እጽፋለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬም በዚሁ ሙያ ነው። ስለዚህ ምክሬ ወደ ማከማቻው ያጋድላል። ኪውሬተር (ስብስቡን የሚያጠናና ዐውደ ርዕይ የሚያዘጋጅ ባለሙያ) ወይም የሙዚየም አስተማሪ መሆን የምትፈልጉ ብትሆኑም መነሻው ያው ነው ብዬ አምናለሁ።

ትምህርቱ ሲጀመር ኮርሶቹ የማይገናኙ ይመስላሉ። የሙዚየም ታሪክ፣ የስብስብ አስተዳደር፣ የቅርስ እንክብካቤ፣ ዐውደ ርዕይ፣ የጎብኚ ጥናት፣ ሕግና ሥነ ምግባር፤ ሁሉም የየራሱ መምህርና የየራሱ ፈተና አለው። ተማሪው ለየፈተናው ያጠናል፣ ያልፋል፣ ይረሳዋል። እንዳትረሱት የሚረዳ ዘዴ አለ። በአንደኛ ዓመት አንድ ዕቃ ምረጡ። ከዚያ የምትወስዱትን ኮርስ ሁሉ እዚያ ዕቃ ላይ ሞክሩት።

ምን ዓይነት ዕቃ?

ዝነኛ ዕቃ አትምረጡ። ስለ ዝነኛ ዕቃ ብዙ ተጽፏል፤ ሳታስቡት የሌላ ሰው ዐይን ትዋሳላችሁ። ቀርባችሁ ልትነኩት የምትችሉት፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ ከአንድ በላይ ነገር የተሠራ ዕቃ ይሻላል። ትምህርት ክፍላችሁ የማስተማሪያ ስብስብ ካለው ከዚያ ጠይቁ። ከሌለው ከቤት ያለ አሮጌ ዕቃም ይሆናል።

እኔ የያዝኩት አሮጌ የቆዳ ሻንጣ ነበር። ውጩ ቆዳ፣ ማዕዘኖቹ ናስ፣ ገበሩ ጨርቅ፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈ የወረቀት ቁራጭ። ሲያዩት ተራ ነው። ግን አራቱ ነገሮች አብረው መኖር አይመቻቸውም። ብረታ ብረት ደረቅ አየር ይፈልጋል። ቆዳ ደግሞ አየሩ በጣም ሲደርቅበት ይሰነጠቃል። ጨርቁንና ወረቀቱን ብርሃን ያደበዝዛቸዋል። ናሱ ቆዳውን በሚነካበት ቦታ አረንጓዴ፣ ሰም የመሰለ ነገር ይወጣል፤ በቆዳው ውስጥ ያለው ቅባት ናሱ ውስጥ ካለው መዳብ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው። ይህን በዐይኔ ካየሁ በኋላ የኬሚስትሪው ክፍል ሸክም መሆኑ ቀረ።

መጀመሪያ ዝም ብላችሁ እዩት

ስለ ዕቃው አንድም ነገር ሳታነቡ ቁጭ ብላችሁ እዩት። በእርሳስ ጻፉ። ስብስብ ባለበት ክፍል እስክሪብቶ አይገባም፤ ከአሁኑ ልመዱት። ቁመት፣ ወርድ፣ ጥልቀት በሴንቲሜትር ለኩ። ፎቶ ስታነሱ አጠገቡ መለኪያ ይኑር። የጎደለ፣ የተጠገነ፣ የተጻፈበት ነገር ካለ አንዱንም አታሳልፉ።

እዚህ ላይ «ኦብጀክት አይዲ» የሚባለውን ዓለም አቀፍ መስፈርት ተጠቀሙ። በአሜሪካው ጌቲ ተቋም አስተባባሪነት ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ነው። የዕቃው ዓይነት፣ የተሠራበት ነገር፣ ልኬቱ፣ ጽሑፍና ምልክቱ፣ መለያ ገጽታው፣ ዘመኑ፣ የሠራው ሰው፤ ይህን የመሰለ አጭር ዝርዝር ነው። የተሠራው የተሰረቀ ዕቃ ተለይቶ እንዲገኝ ነው። መፈተኛውም እዚያው ላይ አለ። የጻፋችሁትን ዕቃውን ዐይቶት ለማያውቅ ጓደኛችሁ ስጡት። ከሌሎች ተመሳሳይ ዕቃዎች መካከል ለይቶ ካላነሳው ጽሑፋችሁ ገና ነው። «ያረጀ ቡናማ ሻንጣ» ማንንም አያግዝም። «በግራ የፊት ማዕዘን ያለው ናስ ወልቋል፣ ሁለት የምስማር ቀዳዳ ይታያል» ግን ያግዛል።

ቀጥሎ ቁጥር ስጡት። በብዙ ሙዚየሞች የተለመደው ባለ ሦስት ክፍል ቁጥር ነው። 2019.7.3 ማለት በ2019 ከገቡት ሰባተኛው ርክክብ፣ በዚያ ውስጥ ሦስተኛው ዕቃ ማለት ነው። ቁጥሩ ዕቃው ላይ በቀጥታ አይጻፍም። ጠንካራ ገጽ ካለው እንደ ፓራሎይድ ቢ-72 ያለ በኋላ ሊነሳ የሚችል ስስ ሽፋን ይቀባና ከላዩ ይጻፋል። ጨርቅ ላይ ግን የጥጥ ጥብጣብ ይሰፋል። ለእኔ ሻንጣ የሚሆነው በክር የሚታሰር ካርድ ነበር።

ይህን ክፍል ተማሪው የጸሐፊ ሥራ ነው ብሎ ያቃልለዋል። በጣም ያሳዝነኛል። የካናዳ የቅርስ እንክብካቤ ተቋም ቅርስን የሚያበላሹ አሥር ምክንያቶችን ዘርዝሯል። ግጭትና ንዝረት፣ ስርቆት፣ እሳት፣ ውሃ፣ ነፍሳት፣ ብክለት፣ ብርሃን፣ የማይመች ሙቀት፣ የማይመች እርጥበት አሉበት። አሥረኛው ዕቃው ከመረጃው መለያየቱ ነው። ሻንጣው ሳይነካ ሳይቃጠል መዝገቡ ቢጠፋ የማን እንደነበር፣ ለምን እንደተቀመጠ የሚናገር የለም። ከዚያ በኋላ ያው ሻንጣ ብቻ ነው።

የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም እ.ኤ.አ. መስከረም 2 ቀን 2018 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ውስጥ ሲቃጠል ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ስብስብ ነበረው። አብዛኛው ጠፋ። በማግስቱ በዚያው ከተማ የሙዚየም ጥናት ተማሪዎች ሕዝቡ በሙዚየሙ ያነሳቸውን ፎቶዎች እንዲልክላቸው ጠየቁ። ከብዙ ቦታ ተላከላቸው። የእናንተ እኩዮች ናቸው። መረጃ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

እንክብካቤን በቁጥር አጥኑ

ጥቂት ቁጥሮች በቃል ይያዙ። ለጨርቅ፣ ለወረቀትና ለውሃ ቀለም ሥዕል የተለመደው የብርሃን ጣሪያ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው። ለዘይት ቀለም ሥዕል 200 ሉክስ ገደማ ይፈቀዳል። የብርሃን ጉዳት እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ዕቃውን ጨለማ ውስጥ ብታስቀምጡትም የደበዘዘው ቀለም አይመለስም። ስለዚህ ሰዓቱን በግማሽ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ ከመቀነስ ጋር ይቀራረባል። ይህን የተረዳ ተማሪ ዐውደ ርዕይ ላይ ጨርቅ ለምን በየጊዜው እንደሚቀየር ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ዕቃ ስታነሱ ቀለበትና የአንገት መታወቂያ ይውለቅ። የምታስቀምጡበትን ቦታ ሳታዘጋጁ አታንሱ። በጆሮው ወይም በመያዣው አታንሱ፤ መያዣ ብዙ የሠራ፣ ቀድሞ የደከመ ክፍል ነው። ብረታ ብረት በናይትሪል ጓንት ይያዛል። ለወረቀት ግን ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ታጥቦ የደረቀ እጅ ነው፤ የጥጥ ጓንት የገጽ ጫፍ እየያዘ ይቀድዳል።

ታሪኩና ሕጉ

በታሪክ ኮርስ ዓመተ ምሕረት ብቻ አትሸምድዱ። በየዓመቱ አጠገብ «ማን ይገባ ነበር?» ብላችሁ ጻፉ። የኦክስፎርዱ አሽሞሊያን ሙዚየም በ1683 ተከፈተ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የብሪታንያ ሙዚየም በ1753 ተመሥርቶ በ1759 ተከፈተ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለመግባት በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልግ ነበር። የፓሪሱ ሉቭር በነሐሴ 1793 የተከፈተው የፈረንሳይ አብዮት የንጉሡን ስብስብ የሕዝብ ካደረገ በኋላ ነው። ክርክሩ ዛሬም አላበቃም። በ1946 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት፣ አይኮም፣ አዲሱን የሙዚየም ትርጓሜ ያጸደቀው በነሐሴ 2022 ፕራግ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በ2019 ኪዮቶ ላይ የቀረበው ረቂቅ ብዙ ተቃውሞ ገጥሞት ድምፅ ሳይሰጥበት ቀርቷል። የ2007ቱንና የ2022ቱን ትርጓሜ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ የተጨመሩትን ቃላት አስምሩባቸው። ስለ ማኅበረሰብ ተሳትፎ፣ ስለ ብዝኃነትና ስለ ተደራሽነት የሚሰጣችሁ አሳይመንት በሙሉ ከዚያ ይነሳል።

ለሕጉ ደግሞ ወደ ዕቃችሁ ተመለሱ። ማን ሰጠው? የመስጠት መብት ነበረው? ከእሱ በፊት ማን ዘንድ ነበር? የዩኔስኮ የ1970 ስምምነት የባህል ንብረት በሕገ ወጥ መንገድ እንዳይዘዋወር የወጣ ነው። ብዙ ሙዚየሞች አንድ ዕቃ ሲቀርብላቸው «ከ1970 በፊት የት ነበር?» የሚሉት ለዚህ ነው። ከዚያ ቀድሞ የተወሰደውስ? የእንግሊዝ ጦር በ1897 ዛሬ ናይጄሪያ ውስጥ ካለችው ከቤኒን ከተማ የዘረፋቸው የነሐስ ሥራዎች ዛሬ በብዙ አገር ተበትነዋል። ጀርመን በ2022 የተወሰኑትን ለናይጄሪያ መልሳለች። ክፍል ውስጥ በዚህ ላይ ስትከራከሩ «ይመለስ» ወይም «አይመለስ» ብላችሁ አትጀምሩ። ከመዝገቡ ጀምሩ። መዝገብ ያነበበ ሰው ክርክሩን ሌላ ቦታ ያደርሰዋል።

ለጎብኚ መጻፍ

ስለ ዕቃችሁ 50 ቃል ያህል መግለጫ ጻፉ። አትሙትና ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ቆማችሁ፣ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። ጎብኚ ደክሞት፣ ልጅ ይዞ፣ ቆሞ ነው የሚያነበው። የቦስተኑ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ባልደረባ ቤንጃሚን አይቭስ ጊልማን በ1916 ስለ ሙዚየም ድካም ሲጽፍ ጎብኚው የዕይታ ሳጥኖቹን ለማየት እንዴት እንደሚጎብጥና እንደሚንበረከክ በፎቶ አሳይቶ ነበር። እናንተም አንድ አዳራሽ ውስጥ ጥግ ይዛችሁ ተመልከቱ። የት ይቆማሉ? ምን ሳያነቡ ያልፋሉ? ያያችሁትን ይዛችሁ መግለጫውን እንደገና ጻፉ።

ልምምድ ስትወጡ

ሁሉም ዐውደ ርዕይ ክፍል መመደብ ይፈልጋል። እናንተ ማከማቻውን ጠይቁ። ቆጠራ፣ ሳጥን መቀየር፣ የነፍሳት ወጥመድ ማየት፣ የቦታ መዝገብ ማስተካከል ይሰጣችኋል። አሰልቺ ይመስላል። ግን ሙዚየሙ በእውነት የሚኖረው እዚያ ነው፤ በብዙ ሙዚየሞች ለዕይታ የሚወጣው ከስብስቡ ጥቂቱ ብቻ ነው። አንድ ሕግ ይኑራችሁ፦ አዲሱ ቦታው ሳይጻፍ ዕቃ ከቦታው አይነሳም። የሚሠሩትን ሰዎች ጥያቄ ጠይቋቸው፤ ማከማቻ ውስጥ የሚሠራ ሰው የሚጠይቀው ሲያገኝ ደስ ይለዋል።

በጎን የሚጠቅሙ ነገሮች አሉ። ኤክሴል፣ መሠረታዊ የፎቶ አነሳስ፣ የምትወዱት ስብስብ መዝገብ የተጻፈበት ቋንቋ። እነዚህን ከትርፍ ሰዓታችሁ ላይ ቀንሳችሁ ተማሩ።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስትመርጡ ሰፊ ሐሳብ ይዛችሁ አትነሱ። «ሙዚየምና ማንነት» የሚለው ርእስ ማለቂያ የለውም። ያልተመዘገበ ወይም በግማሽ የተመዘገበ ትንሽ ስብስብ ፈልጉና መዝግቡት፤ ጥያቄው ከውስጡ ይወጣል። ለሥራ ስታመለክቱ ደግሞ ከውጤት ወረቀታችሁ ጋር አራት ገጽ አያይዙ። አንድ የተሟላ የዕቃ መዝገብ፣ አንድ ፎቶ ያለው የሁኔታ ሪፖርት፣ አንድ የጎብኚ መግለጫ፣ አንድ የዕቃውን የእጅ ለእጅ ታሪክ የሚያሳይ ገጽ። አራቱም ስለዚያው ዕቃ ይሁኑ። ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ እሱ ሲጠይቋችሁ ወረቀት ሳታዩ መልሱ።