ስጋቱ ከየት መጣ? የአየር ንብረት ጭንቀት ለያዛቸው የመሀል አዲስ አበባ ወጣቶች

የአየር ንብረት ጭንቀትን፣ ማለትም የአየር ንብረት ለውጥ የሚያሳድረውን ስጋት፣ ብዙ ወላጅ የፈረንጅ ልጆች ቅንጦት አድርጎ ያየዋል። ነገሩ ግን እዚሁ ቤታችን አለ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጆሮዋን ወንዙ ላይ ጥላ የምታነጋ የቀበና ልጅ አለች። ከቦረና ስልክ በተደወለ ቁጥር ልቡ የሚደነግጥ የካዛንቺስ ልጅ አለ። እኩለ ሌሊት ላይ ስልኩን እየነካካ «ታዲያ ማትሪክ ብፈተን ባልፈተን ምን ይለወጣል?» የሚል የአራት ኪሎ ተማሪም አለ።

እ.ኤ.አ. በ2021 በ10 አገሮች፣ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 25 የሆኑ 10,000 ወጣቶች ስለዚህ ስጋት ተጠይቀው ነበር። 59 በመቶዎቹ በጣም ወይም እጅግ በጣም እንደሚሰጉ፣ 45 በመቶዎቹ ደግሞ ስሜቱ የዕለት ኑሯቸውን እንደሚያውክባቸው ተናግረዋል። ከአፍሪካ የተካተተችው ናይጄሪያ ብቻ ናት።

መስጋት በራሱ በሽታ አይደለም፤ የሚያሰጋ ነገር አለና። ችግር የሚሆነው እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ትምህርትና ጓደኛ ሲያሳጣ ነው። ሁሉንም ስጋት ደግሞ በአንድ ምክር ማብረድ አይቻልም። ከስልክ የመጣው፣ ከዘመድ የመጣውና ከደጃፍ የመጣው መፍትሔያቸው ለየቅል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ምንጩን ለዩ።

የ7 ቀን ወረቀት

ከደብተር አንድ ገጽ ቅደዱና ለ7 ቀን ጭንቀቱ በመጣ ቁጥር አራት ነገር ጻፉ፦ ሰዓቱን፣ የት እንደነበራችሁ፣ ያኔ ምን እያያችሁ ወይም እየሰማችሁ እንደነበር፣ ሰውነታችሁ ላይ ምን እንደተሰማችሁ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 5፡30፣ አልጋ ላይ። ቲክቶክ፤ የሚቀልጥ በረዶ። ደረቴ ከበደኝ።»

«ረቡዕ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ቤት። እማዬ ከአያቴ ጋር ስታወራ በልጉ ቀረ ስትል ሰማሁ። ሆዴ ተላወሰ፤ ራት አልበላሁም።»

ብዙዎች የሚሳሳቱት «ስለ ዓለም ተጨነቅሁ» ብለው ሲጽፉ ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ምንም አያሳይም። በእጃችሁ ምን ይዛችሁ እንደነበር ጻፉ። በሳምንቱ መጨረሻ አብዛኛው መስመር ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ እዚያ ላይ ጀምሩ።

ጭንቀቱ በድንገት ሲያጥለቀልቃችሁ ደግሞ ምንጩን የምትመረምሩበት ጊዜ አይደለም፤ መጀመሪያ ሰውነትን ማርገብ ነው። እግራችሁን መሬት ላይ አድርጋችሁ ተቀመጡ። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ ሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ በቀስታ አስወጡ፤ 5 ደቂቃ ያህል ቀጥሉ። ልብን የሚያረጋጋው ረዘም ያለው ማስወጣት ነው። «በደንብ ተንፍስ» ሲባሉ በፍጥነትና በኃይል የሚስቡ አሉ። ያኔ ራስ ይዞራል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ ልጁም ባሰብኝ ብሎ ይደነግጣል። እንዲህ ከሆነ መቁጠሩን ትታችሁ በዓይናችሁ የምታዩትን አምስት ነገር በስሙ ጥሩ።

ከስልክ የመጣ ስጋት

አፑን ማጥፋት የመጀመሪያው ሐሳብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሦስት ቀን አይዘልቅም። የክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ እዚያው ስለሆነ ልጁ ተመልሶ ይገባል፤ ከዚያም «እኔ አቅም የለኝም» ብሎ በራሱ ያዝናል። የሚሻለው መጠኑን መቀነስ ነው። የዜና ቻናሎችን ኖቲፊኬሽን ዝጉ፤ ግሩፑ ይቆይ። ዜና በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 15 ደቂቃ ተመልከቱ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ግን አይሆንም። ቲክቶክና ፌስቡክ ዓይናችሁ የቆየበትን ነገር ይቆጥራሉ፤ አንድ የጎርፍ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ካያችሁ ነገ አሥር ያመጡላችኋል። ስለዚህ አስፈሪውን ቪዲዮ ቶሎ እለፉት፣ «አልፈልግም» የሚለውንም ተጫኑ።

ስልኩ ከአልጋ መራቅ አለበት። ሁሉም በአንድ ክፍል በሚተኛበት ቤት፣ ስልኩ የማንቂያ ደወልም ስለሆነ፣ በሩ አጠገብ ቻርጅ ይደረግ፤ ሲጮህ ተነስቶ ማጥፋቱም ለመንቃት ይረዳል። ቡናም ይታሰብበት። የጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከ5 ሰዓት ያህል በኋላም ደማችን ውስጥ ይገኛል፤ የ10 ሰዓቱ ቡና ምሽት 3 ሰዓት ላይ ገና እየሠራ ነው። እናታችሁ ስታፈላ አብራችሁ ተቀመጡ እንጂ ከአቦሉ ላይ አቁሙ። ጫት ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል፣ ልብ ያስመታል፤ ጭንቀት ላለበት ሰው ፈጽሞ አይመከርም።

ከዚያ የዜናው አነባበብ አለ። እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ግማሽ ዜና ከመጥፎ ዜና የከፋ ያስፈራልና።

«በ2030 ዓለም ታበቃለች» የሚለው ወሬ በየጊዜው ይዞራል። ምንጩ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ያለው ግን ሌላ ነው፦ ሙቀቱን በ1.5 ዲግሪ ለመገደብ፣ የካርቦን ልቀት እስከ 2030 ድረስ ከ2010 መጠኑ በ45 በመቶ ገደማ ሊቀንስ ይገባል ነው ያለው። ይህ የሥራ ቀነ ገደብ እንጂ የዓለም ፍጻሜ ቀን አይደለም። የዘመን አቆጣጠሩንም እዩ፤ በእኛ 2022 እና 2023 ነው። በእኛው 2030 አስቦ የሚሰጋም፣ «ገና ሩቅ ነው» ብሎ የሚዘናጋም አለ።

ሌላው ቡና ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ምንም ካልተደረገ በኢትዮጵያ አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በዚህ ክፍለ ዘመን ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል አለ። በየገጹ የተዛመተው ይህ ብቻ ነበር። ያው ጥናት እርሻው ወደ ከፍተኛ ቦታ ከተሸጋገረና ደን ከተጠበቀ ለቡና የሚስማማው መሬት ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ እንደሚችልም ጽፏል።

እ.ኤ.አ. የ2024 ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.55 ዲግሪ ገደማ በልጦ ተመዘገበ። ከባድ ዜና ነው፣ ማቃለልም አይገባም። ይሁን እንጂ አገሮች ሙቀቱን ለመገደብ የተስማሙበት የፓሪሱ ስምምነት 1.5 ዲግሪ የሚለካው በአንድ ዓመት ሳይሆን ወደ 20 ዓመት በሚጠጋ አማካይ ነው፤ ስለዚህ «አበቃልን» ማለት ገና ነው። አስፈሪ ዜና ስታዩ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ በየትኛው አቆጣጠር? «ካልተደረገ» የሚል ቃል አለበት ወይ? ሌላው ግማሹስ ምን ይላል?

ከዘመድ የመጣ ስጋት

በቦረናና በአካባቢው ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ከብቱ አለቀ። እዚያ ዘመድ ላለው የአዲስ አበባ ልጅ ይህ የሩቅ ሳይንስ አይደለም፤ የአጎት ድምፅ ነው። ከጎኑም ጥፋተኝነት ይመጣል፦ «እኔ እዚህ ማኪያቶ እጠጣለሁ፣ እነሱ ውኃ የላቸውም።»

መድኃኒቱ ጥሪን መፍራት ማቆም ነው። ሳይጠበቅ የሚመጣ ስልክ ያስደነግጣል፤ ስለዚህ ቀን ቁረጡለት፤ ለምሳሌ በየእሁዱ ከቅዳሴ ወይም ከምሳ በኋላ ደዋዮቹ እናንተ ሁኑ። «እንዴት ናችሁ?» ከተባለ መልሱ ሁልጊዜ «ደህና ነን፣ ተመስገን» ነው፤ ምንም አትሰሙም። በእርጋታ ዝርዝር ጠይቁ፦ ዝናቡ ስንት ቀን ጣለ? ውኃ የሚቀዳው ከየት ነው? መኖው እስከ መቼ ያደርሳል? የእህል ዋጋ ስንት ገባ? ቁጥር የያዘ ስጋት ከቅዠት ይሻላል፤ ምን ማድረግ እንደሚቻል ያሳያል። ትንበያውን ከቲክቶክ ሳይሆን ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ውሰዱ፤ ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት ለየብቻ፣ በየ10 ቀኑም ያወጣል።

ገንዘብ የምትልኩ ከሆነ መጠኑን አስቀድማችሁ ከቤተሰብ ጋር ወስኑ። ባለቀሱ ቁጥር ያለውን ሁሉ የሚልክ ወጣት በሦስተኛው ወር የታክሲ ያጣና ስልክ ማንሳት ይተዋል። አንዳንዴ ከገንዘብ ይልቅ ዕቃ ይጠቅማል። ፒክስ የሚባለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት በቆሎን፣ ማሽላንና ባቄላን ያለ ኬሚካል ከነቀዝ ይጠብቃል፤ ሁለቱ የውስጥ ፕላስቲኮች አየር ስለሚዘጉ ነቀዙ ይታፈናል። ሁለት ነገር ያበላሸዋል፦ እህሉ ሳይደርቅ መጨመሩና በየሁለት ቀኑ መከፈቱ። መድረቁን ለማወቅ በደረቅ ጠርሙስ ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው ጨምራችሁ ነቅንቁ፤ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ ገና እርጥብ ነው። ጤፍ ነቀዝ ስለማይበላው ይህ አያስፈልገውም።

ጥፋተኝነቱን በተመለከተ፦ ከዓለም የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት የኢትዮጵያ ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ነው። ማኪያቶው ድርቁን አላመጣም። ቁጣ ከተሰማችሁ ተገቢ ቁጣ ነው፤ ቦታም አለው። እ.ኤ.አ. በ2027 የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ ኮፕ 32 እዚሁ አዲስ አበባ ይካሄዳል። የትምህርት ቤቱ ክበብ የአያቶችን የዝናብ ታሪክ ከአሁኑ በድምፅ እየቀዳ ቢያሰባስብ ያን ጊዜ የሚያቀርበው ነገር ይኖረዋል።

ከደጃፍ የመጣ ስጋት

ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንተይቀጡ ወንዝ ዳር ለሚኖር ልጅ «አትጨነቅ» ማለት ውሸት ነው። እሱን የሚያስተኛው ዕቅድ ነው። ከሰኔ አጋማሽ በፊት ፋይዳ መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ካርድ፣ የ7 ቀን መድኃኒትና የእጅ ባትሪ በሁለት ፌስታል ተጠቅልለው በአንድ ቦርሳ ቁም ሳጥን ላይ ይቀመጡ። የት እንደምትገናኙ ተስማሙ። ኃይለኛ ዝናብ በጣለበት ሌሊት ውኃውን የሚያየው ሰው በተራ ይሁን፤ ሌላው ይተኛ። የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ቁጥር 939 በሩ ላይ ይጻፍ።

ከዚያ ቦዩ አለ። የግንቦት አንድ ቅዳሜ፣ ስድስት ልጆች፣ ሁለት አካፋ፣ አንድ ዶማ፣ ጓንት፣ ቦት ጫማና ባዶ ማዳበሪያዎች ለአንድ ቅያስ ይበቃሉ። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ ከላይ ከጀመራችሁ የምትለቁት ደለል የጸዳውን መልሶ ይደፍነዋል። ትልቁ ጥፋት ጭቃውን አውጥቶ ቦዩ ጠርዝ ላይ ቆልሎ መሄድ ነው። በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል፤ ልጆቹም «ልፋታችን ከንቱ ነው» ብለው ከበፊቱ የባሰ ተስፋ ይቆርጣሉ። ስለዚህ ጭቃው በማዳበሪያ ይሞላ፣ ማን እንደሚያነሳው ከወረዳው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ክዳን ያለው ጉድጓድ ውስጥ ማንም አይግባ፤ የታመቀው ጋዝ ይገድላል።

ሲያልቅ ወደየቤት አትበተኑ። ሻይ ይፈላ፣ ተቀመጡ፣ አውሩ። ስዊድናዊቷ ተመራማሪ ማሪያ ኦያላ በልጆችና በወጣቶች ላይ ባደረገችው ጥናት ችግሩን በመፍታት ላይ ብቻ የተጠመዱት ይበልጥ ሊጨነቁ እንደሚችሉ፣ ትርጉምና በሌሎች ላይ መተማመን ያገኙት ግን እንደሚረጋጉ አሳይታለች። ሻዩ የሥራው ክፍል ነው።

ወላጆችና ታላላቆች

ልጅቱ «እማዬ፣ እኛ ስናረጅ ውኃ ይኖራል?» ብትል «አንቺ ደግሞ! ይልቅ አጥኚ» አትበሏት። «እግዚአብሔር ያውቃል» ማለት ለአማኝ ቤት መጽናኛ ነው፤ ንግግር መዝጊያ ሲሆን ግን ልጅቱ ሁለተኛ አትጠይቅም። «ምን ሰምተሽ ነው? እስቲ ንገሪኝ» በሉና 10 ደቂቃ ሳታቋርጡ አድምጡ። ቀጥሎ «እኔንም ያሰጋኛል» ማለት ነውር የለውም። ጸሎቱ ከዚያ በኋላ ይግባ።

መቼ ወደ ጤና ባለሙያ?

ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ወይም ምግብ ከጠፋ፣ ትምህርት ከተቋረጠ፣ ይወደው የነበረው ሁሉ ካስጠላው፣ ይህ ከስጋት አልፎ ወደ ድባቴ እየሄደ ሊሆን ይችላል። «ብሞት ይሻላል» ካለ ደግሞ ቀን አትቁጠሩ። በግልጽ ጠይቁ፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም፤ ሸክሙን ያቀልለታል። ብቻውን አትተዉት፤ የአይጥ መርዝ፣ በረኪናና የተጠራቀመ መድኃኒት ከቤት ይውጣ። ያኔውኑ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ አምቡላንስ ለመጥራት 907 ነው።

አጣዳፊ ካልሆነ የወረዳችሁ ጤና ጣቢያ ይጀምርላችኋል፤ ካስፈለገም ሪፈር ይጽፋል። ጥቁር አንበሳ፣ ዘውዲቱና አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ግን አያቋርጥ። ባለሙያው ፊት ሲቀርቡ ብዙ ልጆች አፋቸው ይያዛል፣ «ምንም አልሆንኩም» ይላሉ። የ7 ቀኑን ወረቀት ይዛችሁ ግቡና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት፤ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የደረቱን ክብደት ባለሙያው ከዚያው ያነበዋል።