በቤት ውስጥ መኪና ሲታጠብና ሲወለወል የሚያጋጥሙ ችግሮች፦ ምልክታቸው፣ መንስኤያቸውና መፍትሔያቸው

መኪናውን በራሱ እጅ ለማጠብና ለመወልወል የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ፖሊሹ ነው። ይሁን እንጂ በቀለም ላይ ከምናያቸው ጉዳቶች ብዙዎቹ የሚመጡት ማንም ልብ ከማይላቸው ዕቃዎች ማለትም ከስፖንጁ፣ ከፎጣው፣ ከባልዲውና ከሳሙናው ነው። የጉዳቱ ምንጭ ሳይለይ የተገዛ ፖሊሽ ገንዘብ ከማባከኑም በላይ፣ የማይተካውን የቀለም ሽፋን ይቀንሳል።

የአብዛኞቹ ዘመናዊ መኪኖች ቀለም የተሠራው በንብርብር ነው። ከላሜራው ቀጥሎ ዝገት መከላከያ፣ በላዩ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለሙ ራሱ፣ በስተመጨረሻም ክሊር የሚባለው ቀለም አልባ ሽፋን ይገኛል። የሁሉም ድምር ውፍረት በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ሲሆን፣ የክሊሩ ድርሻ ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ብቻ ነው፤ አንዲት የራስ ፀጉር እንኳ ወደ 70 ማይክሮን ገደማ ትወፍራለች። ፖሊሽ ማድረግ ማለት ከዚህ ስስ ሽፋን ላይ ጥቂቱን ፍቆ ማስተካከል ማለት ነው። የፀሐይን ጨረር የሚከላከለው ንጥረ ነገርም በአብዛኛው በክሊሩ ውስጥ ስላለ፣ ሽፋኑ በሳሳ ቁጥር ከሥሩ ያለው ቀለም ለጉዳት ይጋለጣል። በእያንዳንዱ ችግር ላይ ቀላሉን መፍትሔ ከጠንካራው አስቀድሜ የማነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

በፀሐይ ብርሃን እንደ ሸረሪት ድር የሚታዩ ጭረቶች

በጥላ ሥር ንጹሕ የሚመስል ኮፈን ፀሐይ ወይም የእጅ ባትሪ ሲያርፍበት፣ በብርሃኑ ዙሪያ ክብ ክብ ጭረቶችን ያሳያል፤ በጥቁር ቀለም ላይ ደግሞ ይበልጥ ይጎላል። ጭረቶቹ በእውነቱ ክብ አይደሉም። በየአቅጣጫው የተበተኑ ደቃቅ መስመሮች ሲሆኑ፣ ብርሃኑን ወደ ዓይናችን የሚመልሱት በብርሃኑ ዙሪያ አግድም የተቀመጡት ብቻ ስለሆኑ ክብ መስለው ይታያሉ። ዋናው መንስኤያቸው በጨርቁና በቀለሙ መካከል የገባ አሸዋ ነው።

አቧራን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጠፍጣፋው ስፖንጅ ሲሆን፣ ሲነኩት ለስላሳ ቢሆንም አሸዋውን ወደ ውስጥ የሚያስገባበት ስፍራ ስለሌለው በገጹ ላይ ይዞ ቀለሙን ይፍቅበታል። አንድ ባልዲ ብቻ መጠቀምም ከመኪናው የተነሣውን ቆሻሻ መልሶ ወደ መኪናው መውሰድ ነው። መሬት ላይ የወደቀ ጨርቅ አራግፎ መቀጠል ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ አንድ የአሸዋ ቅንጣት ሙሉ በርን ለመጫር እንደሚበቃ ልብ ሊባል ይገባል።

ስለዚህ በቅድሚያ ሊገዛ የሚገባው የሚያብለጨልጭ ነገር ሳይሆን፣ ረዘም ያለ ፀጉር ያለው የማይክሮፋይበር ወይም የበግ ሱፍ የማጠቢያ ጓንት ነው። አሸዋው ወደ ፀጉሮቹ ውስጥ ስለሚገባ ከቀለሙ ይርቃል። ከጓንቱ ጋር ሁለት ባልዲ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሻምፑ የተቀላቀለበት፣ ሌላው ጓንቱ የሚለቀለቅበት ንጹሕ ውኃ። በመለቅለቂያው ባልዲ ውስጥ ወንፊት መሰል ፕላስቲክ ቢቀመጥ፣ የረጋው አሸዋ ተመልሶ እንዳይነሣ ያግዳል። ጓንቱ መኪናውን ከመንካቱ በፊት የላላው ቆሻሻ በውኃ ብቻ በደንብ መርገፍ አለበት፤ ከዚያ ከጣሪያው ተጀምሮ ወደ ታች ይወረዳል፣ የበሮቹ የታችኛው ክፍል ብዙ ጭቃ የሚይዝ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ይታጠባል። ለቸርኬና ለጎማ የተለየ ባልዲና የተለየ ጨርቅ ይመደባል።

ስለ ሳሙናው ጥቂት ልጨምር። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና የተሠራው ቅባትን ለማስለቀቅ ነው፤ ስለዚህ ቀለሙን የሚጠብቀውን ሰም እያሳሳ ይወስደዋል። የመኪና ሻምፑ ግን ከማጽዳቱ ሌላ ጓንቱ በቀለሙ ላይ እንዲንሸራተት ታስቦ የተቀመመ ነው። ሲመርጡ አሲድም አልካላይም ያልበዛበትን፣ ገለልተኛ ተብሎ የተጻፈበትን ይውሰዱ፤ መጠኑንም ከዕቃው ላይ እንደተጻፈው ይለኩ፤ አረፋ ስለበዛ የተሻለ ያጸዳል ማለት አይደለም።

ቀደም ብለው የተፈጠሩት ጭረቶች በፖሊሽ የሚለቁ መሆናቸውን ለማወቅ፣ ጥፍርን በቀስታ በጭረቱ ላይ አግድም ማሳለፍ ይበቃል። ጥፍሩ ከያዘ፣ ጭረቱ ክሊሩን እስኪጨርሱ ድረስ ቢፍቁትም ላይጠፋ ይችላልና ለቀለም ባለሙያ ይተው። ጥፍሩ ሳይይዝ ካለፈ ግን በፖሊሽ ሊለቅ ይችላል።

ጭረቱ ጠፍቶ ከጥቂት እጥበት በኋላ ተመለሰ

ይህ ቅሬታ በአብዛኛው የሚመነጨው ከስያሜ መደበላለቅ ነው። ኮምፓውንድ ሻካራ ፍቀት ያለው፣ ፖሊሽ ደግሞ ደቀቅ ያለ ፍቀት ያለው ነው፤ ሁለቱም ክሊሩን በትክክል ያስተካክላሉ። ግሌዝ የሚባለው ጭረቱን በቅባት ሞልቶ ከዓይን ይሰውራል እንጂ አያስወግደውም፤ ቅባቱ ሲታጠብ ጭረቱ ይገለጣል። ሰም ማለትም ዋክስ ምንም አይፍቅም፤ ሥራው መከላከልና ማብለጭለጭ ነው። በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ፖሊሽና ሰም የተቀላቀሉባቸው ምርቶችም ስላሉ፣ ስሙን ብቻ ሳይሆን ከጀርባ ያለውን ማብራሪያ አንብቦ መግዛት ይገባል።

ሥራው በእውነት መሠራቱን ለማረጋገጥ፣ ከፖሊሹ በኋላ ገጹን በውኃ በቀጠነ አይሶፕሮፒል አልኮል መጥረግና በእጅ ባትሪ ማየት ይጠቅማል፤ አልኮሉ የተረፈውን ቅባት ስለሚያነሣ እውነተኛውን ገጽ ያሳያል። በእጅ ብቻ የሚሠራ ሰው ከበር እጀታው ሥር ያሉትን ደቃቅ የጥፍር ጭረቶች በትዕግሥት ሊያስለቅቅ ይችላል፤ ሙሉ መኪናን ወጥ በሆነ መልክ ማስተካከል ግን ያለ ማሽን እጅግ አድካሚ ነው።

ማሽን ከተጠቀሙ በኋላ የታየ ብዥታ፣ ሞገድ መሰል መስመር ወይም የሳሳ ጠርዝ

የፖሊሽ ማሽኖች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። ሮታሪ የሚባለው በአንድ እንብርት ላይ ብቻ የሚሽከረከር ስለሆነ በፍጥነት ይፍቃል፣ ሙቀትም ያበዛል። ዱዋል አክሽን የሚባለው እየተሽከረከረ በዚያው ቅጽበት ስለሚወዛወዝ ሙቀቱን ይበታትናል፤ በአንድ ስፍራ አብዝተው ቢጫኑትም ፓዱ፣ ማለትም በማሽኑ ላይ የሚገጠመው የስፖንጅ ወይም የሱፍ መወልወያ፣ መሽከርከሩን ያቆማል። ለጀማሪ የምመክረው ያለ ምንም ማመንታት ሁለተኛውን ነው። እኔ ራሴ በሮታሪ የበር ጠርዝ ላይ ክሊሩን ጨርሼ ቀለሙ ድረስ አድርሻለሁ፤ መፍትሔው እንደገና ማስቀባት ብቻ ነበር። ጠርዝና ጎበጥ ያለ መስመር ላይ ፓዱ የሚያርፈው በጠባብ ስፍራ ስለሆነ ግፊቱ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ እነዚህን ቦታዎች በወረቀት ፕላስተር መሸፈን ግድ ነው።

በፀሐይ ላይ የሚንቀሳቀሱ የሚመስሉ ሞገዳም መስመሮች የሮታሪና የሱፍ ፓድ ምልክት ናቸው። መፍትሔያቸው በለስላሳ የስፖንጅ ፓድና በደቃቅ ፖሊሽ፣ በዱዋል አክሽን ማሽን አንድ ጊዜ መድገም ነው። ወጥ የሆነ ብዥታ ከሆነ ደግሞ ኮምፓውንድ ተጠቅመው የማጠናቀቂያውን ደረጃ እንደዘለሉ ያሳያል፤ ይህም በዚያው መንገድ ይስተካከላል። የፓዶች ቀለም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ «ብርቱካናማው ጠንካራ ነው» የሚለውን ሳይሆን በጥቅሉ ላይ የተጻፈውን የጥንካሬ ደረጃ ይከተሉ።

አሠራሩን በተመለከተ፣ ሙሉ ኮፈኑን ከመጀመር በፊት በአንድ ትንሽ ስፍራ በጣም ለስላሳውን ፓድና ደቃቁን ፖሊሽ ይሞክሩ፤ ካልበቃ ብቻ አንድ ደረጃ ከፍ ይበሉ። በአንድ ጊዜ እያንዳንዱ ጎኑ ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን አራት ማዕዘን ስፍራ ይዞ፣ ጥቂት ጠብታ ፖሊሽ ጨምሮ፣ እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በግማሽ እየደረበ ማሽኑን በዝግታ መግፋት ነው። ፖሊሹ በአቧራ መልክ እየተነነ ከደረቀ ወይ ላሜራው ሞቋል፣ ወይ ፓዱ በተፋቀ ክሊር ተሞልቷል፤ ፓዱን በብሩሽ ማጽዳት ወይም በሌላ መለወጥ ያስፈልጋል።

ታጥቦ ደርቆ ሳለ ሲዳሰስ የሚሻክር ገጽ

እጅን በስስ ፕላስቲክ ከረጢት ሸፍኖ የታጠበውን ገጽ ቢዳስሱ፣ በባዶ እጅ የማይሰማው ሻካራነት ይሰማል። ይህ በክሊሩ ላይ የተሰካ ነገር ነው፦ ከፍሬን የሚወጣ የብረት ብናኝ፣ የሬንጅ ነጠብጣብ፣ የዛፍ ሙጫ። ሻምፑ አያነሣውም፤ ሳያነሡት ፖሊሽ ማድረግ ደግሞ ብናኙን በፓዱ እየጎተቱ መጫር ነው።

ለሬንጅ የሬንጅ ማስለቀቂያ፣ ለሙጫ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ለብረት ብናኝ ደግሞ ብረቱን ሲያገኝ ወደ ሐምራዊ የሚለወጠው ማስለቀቂያ ይሠራል፤ ይህ ፈሳሽ በቀለሙ ላይ ሳይደርቅ መታጠብ አለበት። የቀረውን ክሌይ የሚባለው ሊጥ መሰል ማጽጃ ያነሣል፤ ገጹ ዘወትር በማንሸራተቻ ፈሳሽ መርጠብ፣ ክሌዩም እየታጠፈ ንጹሕ ገጹ መውጣት አለበት። መሬት ላይ የወደቀ ክሌይ ይጣላል እንጂ ታጥቦ አይመለስም። ክሌይ ሰሙንም ስለሚያነሣ፣ ከእርሱ በኋላ ቀለሙን ያለ መከላከያ መተው አይገባም።

የውኃ ነጠብጣብ ምልክትና የወፍ ኩስ

ውኃ ሲተን በውስጡ የነበሩት ካልሲየምና ማግኒዥየም በነጭ ክብ መልክ ይቀራሉ። ስለዚህ በፀሐይ ላይ ወይም ላሜራው ትኩስ ሳለ ማጠብ አይመከርም። አዲስ ምልክት ከሆነ፣ ነጭ አቼቶና ንጹሕ ውኃ እኩል ቀላቅለው በጨርቅ ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ አሳርፈው በብዙ ውኃ ቢያጥቡት ይለቃል። ከዚያ በኋላም ክብ ጉድጓድ የሚመስል ምልክት ከቀረ ክሊሩ ተበልቷል፤ የሚያነሣው ፖሊሽ ብቻ ነው።

የወፍ ኩስ አሲድነት ስላለው በሞቃት ቀን በሰዓታት ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። ደረቁን መፋቅ ስሕተት ነው፤ የረጠበ ጨርቅ አኑረው እስኪርስ ጠብቀው ሳይጫኑ ያንሡት።

ሰም ከተቀባ በኋላ የቀረ ዝንጉርጉርነትና ነጭ ቅሪት

መንስኤው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል መብዛቱ ነው። በወፍራሙ የተቀባ ሰም ተጨማሪ ጥበቃ አይሰጥም፤ ለመጥረግ ብቻ ያስቸግራል። በቀዘቀዘ ላሜራ ላይ፣ በጥላ ሥር፣ በዓይን በጭንቅ እስኪታይ ድረስ አሳስተው ይቀቡ። የተዥጎረጎረውን በትንሹ በረጠበ ንጹሕ ማይክሮፋይበር ጠርገው ወዲያው በደረቅ ይከተሉ። በጥቁር ፕላስቲክ ላይ የቀረው ነጭ ቅሪት ለፕላስቲክ በተሠራ ማጽጃና በለስላሳ ብሩሽ ይለቃል።

ከመከላከያዎቹ የቱ ይመረጥ ለሚለው፣ ካርናውባ የሚባለው የዘንባባ ሰም ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት፣ ሰው ሠራሽ ሲላንት ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ሴራሚክ ሽፋን ለዓመታት ሊቆይ ቢችልም፣ ከሥሩ ያለውን ጭረት ሁሉ ይዞ የሚደርቅ ስለሆነ ፖሊሹን በሚገባ ላልጨረሰ ሰው አልመክረውም።

መስታወት፣ የፊት መብራትና ቸርኬ

የፊት መስታወት በሌሊት ብርሃን የሚደበዝዘው ብዙ ጊዜ በቅባትና በሰም ሽፋን ነው፤ ለቀለም ያገለገለ ጨርቅ ለመስታወት አይሆንም፣ የዝናብ መጥረጊያውም ጎማ አብሮ ይጽዳ። የፊት መብራት የሚቢጫው ፖሊካርቦኔት በሚባለው ፕላስቲክ ላይ ያለው የፀሐይ መከላከያ ሲያልቅ ነው። የጥርስ ሳሙና ለጊዜው ያጠራዋል፤ በአግባቡ ለመሥራት ግን በ1000፣ በ2000 እና በ3000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያረጠቡ ፍቆ፣ ፖሊሽ አድርጎ፣ አዲስ የፀሐይ መከላከያ መቀባት ያስፈልጋል፤ የመጨረሻውን ካልሠሩ ቢጫነቱ ይመለሳል። ቸርኬ ደግሞ ሳይቀዘቅዝ አይታጠብ፤ ጠንካራ አሲድ ያለበት ማጽጃም አሉሚኒየሙን ስለሚያበላሽ አይጠቀሙበት።

ፖሊሽ የማያድነው ቀለም

በጣሪያውና በኮፈኑ ላይ እንደ ቆዳ እየተላጠ የሚነሣ ነጭ ንጣፍ ክሊሩ ራሱ የሞተበት ምልክት ነው፤ መፋቅ ልጠቱን ያሰፋዋል፣ መፍትሔው መቀባት ነው። ክሊር የሌለው የቆየ መኪና ግን የተለየ ነው፤ በነጭ ጨርቅ ጥቂት ፖሊሽ ሲያሹት የቀለሙ መልክ ወደ ጨርቁ ከመጣ ክሊር የለውም ማለት ነው፤ የደበዘዘውም መልክ ብዙ ጊዜ በቀላል ፖሊሽ ይመለሳል።

ውኃ የማይመጥ ማይክሮፋይበር

የማይክሮፋይበር ክሮች የተሰነጠቁ በመሆናቸው ውኃና አቧራ ይይዛሉ፤ የልብስ ማለስለሻ ግን ስንጥቁን ይደፍነዋል፣ ከፍተኛ ሙቀት ደግሞ ክሩን ያቀልጠዋል። ስለዚህ ለብ ባለ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና፣ ያለ ማለስለሻ፣ ብናኙን ከሚለቅ የጥጥ ልብስ ተለይቶ ታጥቦ በአየር ይደርቃል፤ የቀለም፣ የመስታወትና የቸርኬ ጨርቆችም ለየብቻቸው ይቀመጣሉ። ጫፉ የደረቀና የሻከረ ጨርቅ ለቀለም ማገልገሉን ትቶ ወደ ቸርኬ ይዛወር።