በመጸው ወራት ትራውትን ከሐይቁ ዳርቻ ይፈልጉ

በዓሣ ማራቢያ አድገው ወደ ሐይቅ የተለቀቁ ትራውቶችን (ቀዝቃዛ ውኃ የሚወዱ ዓሦችን) በመጸው የሚፈልግ ሰው አዘውትሮ ክሩን ወደ መሐል አርቆ ይወረውርና ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ዓሦቹ ግን ብዙውን ጊዜ ከእርሱ እጅግ ቅርብ ናቸው። ሞቃቱ ወቅት አልፎ የላይኛው ውኃ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ፣ ትራውት ቅዝቃዜ ፍለጋ ወደ ጥልቁ መውረድ ስለማያስፈልገው ምግብ ወደሚያገኝበት ዳርቻ ይጠጋል፤ በቅርቡ የተለቀቁትም ለጥቂት ቀናት ከተለቀቁበት ስፍራ ብዙ ሳይርቁ በመንጋ ይዘዋወራሉ።

ስለዚህ ነፋሱ ማዕበሉን በሚገፋበት ዳርቻ ቆመው፣ ተንሳፋፊውን ቡሽ ከመንጠቆው አንድ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ አድርገው ይሰሩና ክሩን ወደ መሐል ሳይሆን ዳርቻውን ተከትለው ይወርውሩ። በ15 ደቂቃ ውስጥ ምንም ካልነካው ጥቂት ሜትሮች እልፍ ይበሉ፤ አንድ ከተያዘ ግን መንጋው በአቅራቢያው ሊሆን ስለሚችል ቦታውን አይልቀቁ።

ዓሣውን መልሰው ለመልቀቅ ካሰቡ በትል ባያጠምዱ ይመረጣል፤ መንጠቆውን ወደ ውስጥ ስለሚውጠው የመትረፍ ዕድሉ በእጅጉ ይቀንሳል። ውኃው ገና ከ20 ዲግሪ በላይ ከሆነም ይህ ዘዴ አይሠራም።